አባቴ አክሲዮን ያልገዛው ስላልገባው አይደለም

ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 2017 ላይ አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር የአንዱ ዋጋ 300 ብር ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። በቴሌብር፣ ቁጭ ባሉበት። የካቲት ላይ ሽያጩ ሲዘጋ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሆነ። ኦንላይን ያለው የፋይናንስ መካሪ ሁሉ ወዲያው አንድ ምክንያት አገኘ፦ "የግንዛቤ እጥረት።"

ይቺ ቃል ታናድደኛለች። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች አንድን አገልግሎት ሰው ካልነካው "ተጠቃሚው አልገባውም" ብለን ፋይሉን አንዘጋም፤ ሎጉን እናያለን። እስቲ የአባቴን ሎግ እንይ።

አባቴ ጉና ተራራ ሥር፣ ፋርጣ ውስጥ ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው። ልጅ ሳለ፣ በ1967፣ መሬት የመንግሥት ሆነ፤ ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ትልልቁ ፋብሪካ፣ ከተማ ያለው ትርፍ ቤት ተወረሰ። በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን ይገበያዩ የነበሩ ሰዎች ወረቀት ታቅፈው ቀሩ። በ1989 ክልላችን ውስጥ መሬት እንደገና ሲደለደል "ቢሮክራት" የተባለ ገበሬ ማሳው ተቀንሶ ለሌላ ተሰጠ። ባንክ ላስቀምጥ ቢል ደግሞ የቁጠባ ወለዱ 7 በመቶ፣ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ምን ይገዛል? በሬ ይገዛል፣ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ልጅ ሲታመም ወይም ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አጣና ቆርጦ መሸጥ ነው። (እኔን ኢንጂነር ያደረገኝ አጣና ነው ብል አላጋነንኩም።) መሬቱን እንዳይሸጥ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይከለክለዋል፤ ዛፉን ግን የሚከለክለው የለም።

ነገሩ የፋርጣ ብቻም አይደለም። ማልመንዲየርና ናጄል የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በዕድሜያቸው የአክሲዮን ገበያ ሲከስር ያዩ አሜሪካውያን ከሌላው ያነሰ አክሲዮን እንደሚይዙ አሳይተዋል። እነሱን ግን ማንም "ያልነቁ" አይላቸውም።

ባሕር ዛፉ ምንጭ እንደሚያደርቅ፣ ከጎኑ ያለውን ገብስ እንደሚያቀጭጭ አውቃለሁ። በሬም ይሞታል። የአባቴ መንገድ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የእኛ ድፍረትስ ከየት መጣ? ወር በገባ ቁጥር ደሞዝ ከሚገባበት አካውንት ነው። 9,900 ብር ቢጠፋብኝ ይቆጨኛል እንጂ የማርሰው በሬ አላጣም። ብር ሲወድቅ እያየ ያደገው ጓደኛዬ ደግሞ ያለችውን ሁሉ ክሪፕቶ ላይ ይወረውራል፤ ያም ከአስተዳደግ የመጣ ፍርሃት ነው፣ ስሙን "ኢንቨስትመንት" ብሎት እንጂ።

ያኔ ስለ አክሲዮኑ በስልክ ሳስረዳው አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀኝ፦ "ሲቸግረኝ ለማን እሸጠዋለሁ? ስንት ቀንስ ይፈጃል?" ሽያጩ ሲጀመር የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። የደብረ ታቦር የከብት ገበያ ግን ቀኑ ይታወቃል።