ኮምፒውተሩም ፊኒሺንግ ይፈልጋል

ኮዬ ፈጬ ላይ የኮንዶሚኒየም ቤት የደረሰው ሰው ቁልፍ በተረከበ ማግሥት ዕቃውን ጭኖ አይገባም። ሰድር ያስነጥፋል፣ ቀለም ያስቀባል፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ለእጁ ወደሚመቸው ቦታ ያዞራል። አቅም ካለው የኪችን ካቢኔት ያስገጥማል፤ ከሌለው ወለሉን በሲሚንቶ አስለስኖ ይገባና ቀሪውን ቀስ እያለ ይጨርሳል። የካቲት 2011 ዓ.ም ዕጣ ከወጣ ወዲህ ስንት ሰው ቤቱን እንደ ኑሮው ሲያስተካክል ከርሟል። ቤት እንደ ወረደ አይኖርበትም።

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየብሎኩ ሥር ባሉት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች የምናያቸው ኮምፒውተሮች ግን በአብዛኛው ከካርቶን እንደ ወጡ ናቸው። ቋንቋው፣ የፊደሉ መጠን፣ የሰዓቱ አቆጣጠር ፋብሪካው እንደ ላከው ነው። የተለወጠ ነገር ካለ ዎልፔፐሩ ነው፤ የልጅ ፎቶ፣ የአርሴናል አርማ፣ አንዳንዴም የቅዱሳን ሥዕል። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያፈጥበትን ነገር ቢያሳምር አንነቅፈውም። ችግሩ ማስተካከል የሚባለው ነገር እዚያ ላይ መቆሙ ነው። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ይህ ነው፦ የኮምፒውተርን ገጽ ለሚሠራበት ሰው ማስተካከል የግዥው አካል ነው፤ ይህን ሳያደርግ ማሽን ለሠራተኛ ያስረከበ መሥሪያ ቤት ግዥውን አልጨረሰም።

ከፊደሉ እንጀምር። በዊንዶውስ የሜኑና የፋይል ስም በነባሪ የሚጻፈው በ9 ነጥብ መጠን ነው። ለላቲን ፊደል ይበቃል፤ የእኛ ፊደል ግን በዚያ መጠን ሲጨመቅ ቅጥያው ይጠፋል። ሱ እና ሲ፣ ቡ እና ቢ፣ ሹ እና ሺ የሚለያዩት ጭረቷ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። ስም የሚመዘግብ ሠራተኛ ይህችን ጭረት ሳያያት ካለፈ ዋጋውን የሚከፍለው ባለጉዳዩ ነው። አንዲት ሆሄ ለማስተካከል ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ማስረጃ ይሰበስባል፣ ከሥራ ይቀራል። መፍትሔው ግን በሴቲንግ ውስጥ አለ። የማሳያውን መጠን ከ100 ወደ 125 በመቶ ማሳደግ፣ ወይም ጽሑፉን ብቻ እስከ 225 በመቶ ማጉላት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። መነጽር ለሚያስፈልገው ሠራተኛ ደግሞ ማንም ሳይለምንለት ሊደረግለት ይገባል።

ፊደላችን በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስም እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጥቷል። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ዩኒኮድ ባልሆኑ አሮጌ ፎንቶች የሚጽፉ ቢሮዎች አሉ። ሰነዱ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም አልባ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል፤ ጸሐፊዋም እንደገና ትተይበዋለች።

ሰዓቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ባለጉዳይ «9 ሰዓት ተመለስ» ተብሎ ይቀጠራል፤ የቀጠረው ሠራተኛ የሚያየው ስክሪን ግን 3 ይላል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ደብዳቤው የሚወጣው በእኛ አቆጣጠር፣ ታስክባሩ የሚያሳየው በፈረንጅ። ዊንዶውስ የሒጅራን፣ የታይላንድንና የዕብራይስጥን አቆጣጠሮች አካትቶ የኢትዮጵያን ትቷል። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም። አይሲዩ የተባለውና ብዙ የዓለም ሶፍትዌሮች የሚጋሩት ነፃ የኮድ ስብስብ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜን ከያዘ ቆይቷል። የጎደለው በኃይል የሚጠይቅ ትልቅ ገዥ ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ ትልቅ ገዥ ነው።

እስከዚያው በእጅ ያለ ዘዴ አለ። በዊንዶውስ የቀንና ሰዓት ሴቲንግ ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት መክፈት ይቻላል። እዚያ የብራዚሊያን ወይም የቦነስ አይረስን የሰዓት ክልል መርጦ ስሙን «ኢትዮጵያ» ማለት ነው። እነዚህ ከተሞች ከእኛ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆኑ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 9 ይላሉ፤ ሌላው ቀርቶ የእነሱ ከቀትር በፊት ለእኛ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ለእኛ ሌሊት ሆኖ ይገጥማል። የእኛን ሰዓት ለማየት ደቡብ አሜሪካ መሄዳችን ያስቃል፤ ይሠራል ግን። ዋናውን ሰዓት በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ግን ክልክል መሆን አለበት። ፋይሎች የተፈጠሩበት ሰዓት ይዛባል፣ ሰዓት የሚያመሳክሩ ሲስተሞችም ሠራተኛውን አያስገቡም።

ቋንቋውስ? ዊንዶውስ የአማርኛ ገጽ አለው፤ ከኢንተርኔት አውርዶ መጫን ነው። ለምን አንጠቀምበትም ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ትርጉሙ አይመችም» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ በየሜኑው ሰው የማይለው ቃል አለ። ዋናው እንቅፋት ግን ያለው ግዥው ላይ ነው። «ሲንግል ላንጉጅ» የተባለው የሆም እትም የተጫነበት ላፕቶፕ የገጹን ቋንቋ መቀየር አይፈቅድም። ፈቃድ ያልተገዛለት ዊንዶውስ ደግሞ «አክቲቬት» አድርጉኝ የሚለውን ግራጫ ጽሑፍ ጥግ ላይ ለጥፎ የመልክ ማስተካከያ ገጹን ይቆልፋል። ጨረታ የሚያወጣው ክፍል ስለ ራምና ስለ ሃርድ ዲስክ መጠን ዝርዝር ሲጽፍ ስለ እትሙ አንድ መስመር ካልጨመረ ሠራተኛው ከመጀመሪያው ቀን ተቆልፎበታል።

ለፈቃድ ገንዘብ የለም የሚል ቢሮ ክራክ አያስጭን። ሊኑክስ አለለት። በኤክስኤፍሲኢ ገጽ የሚሠሩት የሊኑክስ ሥሪቶች በአሮጌ ማሽን ላይም ቀላል ናቸው፤ ከታስክባሩ ቦታ እስከ አይከኑ መጠን ያለ ክፍያ ይስተካከላሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ማሽኖች ደግሞ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበሉም። ስለዚህ ቢሮዎች ወደዱም ጠሉም አዲስ ውሳኔ ላይ ናቸው። ጊዜው አሁን ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የአይቲ ባለሙያዎች ተቃውሞ እንዳላቸው እናውቃለን። ሥልጠናው፣ መጽሐፉ፣ ዩቲዩቡ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ገጹ አማርኛ የሆነበት ማሽን ሲበላሽ የቱ ጋ ምን እንዳለ ማግኘት ያስቸግራል ይላሉ። ተገቢ ቅሬታ ነው፤ መልስም አለው። የገጽ ቋንቋ የሚወሰነው በተጠቃሚው አካውንት ነው። ሠራተኛዋ በአማርኛ ስትሠራ ባለሙያው በራሱ አካውንት በእንግሊዝኛ ገብቶ ይጠግናል። እንግሊዝኛውን የለመደ ሠራተኛም ወደ አማርኛ አይገደድ፤ ምርጫው የሚሠራበት ሰው ይሁን።

ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ድንበር ላይ ያለ ሰፈር ስለሆነ ጉዳዩ በአማርኛ አያበቃም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም አፋን ኦሮሞን ጨምሮ አራት ቋንቋዎች ከአማርኛ ጎን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ወስኗል። በዊንዶውስ ግን አፋን ኦሮሞን የገጽ ቋንቋ አድርጎ መምረጥ አይቻልም። ውሳኔው ስክሪኑ ላይ ካልደረሰ ግማሽ ውሳኔ ነው፤ ሶፍትዌር ሻጩን በዚህም መጠየቅ ያለበት መንግሥት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ዴስክቶፕ ለባለቤቱ ብቻ አይታይም። መታወቂያ ስካን ሊያስደርግ የገባ ደንበኛ ከእሱ በፊት የመጣውን ሰው የቤት ውል፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ በስም ተደርድሮ ያየዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ንቀት ሊባል ይገባዋል። የደንበኛ ፋይል ዴስክቶፕ ላይ አይቀመጥ፤ ለብቻው ፎልደር ይከፈትለት፣ ማታ ሱቁ ሲዘጋም ይሰረዝ።

ከአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሚቀጥለው ግዥ ጀምሮ የጨረታ ሰነዱ ቋንቋ የሚቀየርበትን እትም በስም ይጥቀስ፤ ማሽኑ ሲመጣም የፊደሉ መጠን፣ ዩኒኮድ ኪቦርዱ፣ ተጨማሪው ሰዓትና የየሠራተኛው አካውንት ሳይስተካከል ንብረት ክፍሉ አይረከብ። በዚያው ክፍለ ከተማ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በተግባር ልምምድ ስም አሰማርቶ ይህን ቢያግዝ ለእነሱም ትምህርት ነው። መጀመሪያውም የኮዬ ፈጬን ነዋሪዎች የሚያገለግሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ይሁኑ።