ዝና በገባበት ቤት

ባልዋ በድንገት ስሙ የገነነላትን ሴት፥ ጎረቤት ሁሉ «ምን ያለች የታደለች ናት» ይላታል። በቤትዋ ውስጥ የሚሆነውን ግን የምታውቀው እርስዋ ናት። የአሜሪካው ሠዓሊ የጃክሰን ፖሎክና የሚስቱ የወይዘሮ ሊ ክራስነር ታሪክ ይህን ነገር አጉልቶ ስለሚያሳይ፥ ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ እንጽፈዋለን፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ሊ ፖሎክን በወደደችው ጊዜ፥ በኒውዮርክ ሠዓሊዎች ዘንድ ከእርሱ ይልቅ የታወቀችው እርስዋ ነበረች። እርሱ ከወጣትነቱ ዠምሮ መጠጥ ያሸነፈው፥ ልቡ የማያርፍ ሰው ነበረ፤ በ1938ም ስለዚሁ ደዌ ሆስፒታል ተኝቶ ታክሟል። በ1945 ተጋብተው ከከተማ ርቀው በሎንግ አይላንድ፥ ስፕሪንግስ በምትባል መንደር ቤት ገዙ። ለቀብዱ 2000 ዶላር ያበደረቻቸው የሥዕል ነጋዴዋ ፔጊ ጉገንሃይም ናት። ባልዋ በጓሮ ያለውን ትልቅ ጎተራ የሥራ ቤት አድርጎ፥ ሸራውን በመሬት ላይ ዘርግቶ ቀለም እያንጠባጠበ ይሥል ዠመር። እርስዋ ግን በሰገነቱ ላይ ባለች ጠባብ መኝታ ቤት ትሠራ ነበርና፥ ሥዕሎችዋም እንደ ክፍሏ ትንንሾች ነበሩ።

በ1948 በአንድ የአገሩ ሐኪም ርዳታ መጠጡን ተወ፤ ሁለት ዓመት ያህልም አልቀመሰም። እጅግ ከተደነቁለት ሥዕሎች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚህ ጊዜ ነው። በኦገስት 1949 ላይፍ የተባለው ባለ ሥዕል መጽሔት፥ በሕይወት ካሉት የአሜሪካ ሠዓሊዎች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ይሆንን ሲል ጠየቀ፤ ስሙም በመላው አገር ተሰማ። በኖቬምበር 1950 ግን፥ ሲሥል የሚያሳይ ፊልም ተነሥቶ ሥራው ባለቀበት ማታ፥ ከብርዱ ወደ ቤት ገብቶ ጠርሙሱን አነሣ። ለእራት የተጠሩ እንግዶች ነበሩ፤ እርሱም ገበታውን ከነምግቡ ገለበጠባቸው።

ዝና ገደለው የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ ብለን አንፈርድም፤ ደዌው ከዝናው ይቀድማልና። ዝና የጨመረበት የተመልካቹን ብዛትና «ነገ ደግሞ ምን ታሳየናለህ» የሚለውን ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ሚስት ልትመልስለት አትችልም። እንግዳ ትቀበላለች፥ ሐኪም ትፈልጋለች፥ ከነጋዴ ጋራ ትከራከራለች፤ በባልዋ ፈንታ ከመጠጥ መራቅ ግን አይቻላትም። (እኛም ወንዶች ይህን ከሚስቶቻችን መጠበቃችን የሚያስገርም ነው።)

በጁላይ 1956፥ ባልዋ ሌላ ሴት መያዙን ዐውቃ ወደ አውሮፓ ሄደች። ኦገስት 11 ቀን ፖሎክ ጠጥቶ መኪና ሲነዳ ከቤቱ አጠገብ ከመንገድ ወጥቶ በ44 ዓመቱ ሞተ፤ አብረውት ከነበሩት ሁለት ሴቶችም አንዲቱ ሞተች። ወይዘሮ ሊ መርዶውን የሰማችው በፓሪስ ነው።

ተመልሳ ቀበረችው። ከዚያ በኋላ ወደ ጎተራው የሥራ ቤት ገባች፤ በ1957 የሣለችው «ወቅቶች» የተባለው ሥዕል ወርዱ ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ በመኝታ ቤቷ ግድግዳ የሚችለው አልነበረም። በ1984 ስታርፍም ሀብትዋን ለችግረኛ ሠዓሊዎች መርጃ ተናዘዘች። በ1985 የተቋቋመው የርዳታ ድርጅት በሁለቱም ስም ይጠራል።