መንገዱስ ተሠራ፤ መኪናውስ?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለ መንገድ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያህል ተጠረገ፣ ይህን ያህል ጠጠር ለበሰ፣ ይህን ያህል ቀበሌ ከዋናው መንገድ ተገናኘ ይባላል። ሪፖርቱ ይቀርባል፣ ይጨበጨባል። ታዲያ በዚያ በተጠረገው መንገድ ላይ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር፣ ምን ዓይነት መኪና ያልፋል ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። እኛ ግን ዋናው ቁም ነገር ይኸኛው ነው እንላለን። መንግሥት በመጓጓዣ ረገድ ለሕዝቡ ያለበት ኃላፊነት መንገዱን አስመርቆ ሪባን ሲቆርጥ አያልቅም። መንገዱ እየተጠገነ እንዲኖር፣ መኪናም በታወቀ ሰዓትና በታወቀ ዋጋ እንዲመላለስበት እስከ ማድረግ ይደርሳል።

ጉዳዩ እኛን መምህራንን በቀጥታ ይመለከተናል። ከሠልጣኞች ብዙዎቻችን ነገ የምንመደበው መኪና በገበያ ቀን ብቻ በሚታይበት ቀበሌ ነው። መጽሐፍ የሚመጣው በዚያ መንገድ ነው፤ የፈተና ወረቀት የሚመጣውም በዚያ ነው። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ የምትወርደውም በዚያው ነው። መኪና የሌለበት ትምህርት ቤት መምህሩን ይዞ ማቆየት ያቅተዋል፤ መምህር በየዓመቱ የሚለዋወጥበት ልጅ ደግሞ ምን ሊማር ይችላል?

እንደሚታወቀው በዚህ አገር መንግሥትና መንገድ የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ቋጥኙ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተደለደለ ነበር መንገድ የወጣው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ የተደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። ይሁን እንጂ ያ መንገድ የመድፍ መንገድ ነበር፤ የሰው ጉልበት ፈሰሰበት እንጂ ለሰው መጓጓዣ ተብሎ አልወጣም።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ብድርና ድጋፍ፣ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ የሚገባው 300 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ በደርግ ዘመን ተሠራ። ለላይ ጋይንት ይህ መንገድ ትልቅ ነገር ነው። የጋይንት ድንች ሳይበሰብስ ገበያ የሚደርሰው በእርሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ ዋና መንገድ ወጥቶ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ፣ ወይም ወደ እስቴ ገጠር ቀበሌዎች የሚዘልቅ ሰው ሌላ ዓለም ይገጥመዋል።

እስቴን ካነሣን የአባዩን ሰባራ ድልድይ ሳንጠቅስ አናልፍም። ከሞጣ ወደ እስቴና ወደ ደብረ ታቦር የሚያሻግረው ይህ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በጎንደር ነገሥታት ጊዜ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከመሃሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሁለቱ ወገን ሕዝብ በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህንን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመጽሔት አይቶ ሰው አስተባብሮ መጣና በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። ሰውየው ይመስገን። ነገር ግን ሦስት መንግሥታት ያላዩትን ክፍተት አንድ የባሕር ማዶ ሰው በመጽሔት ላይ ማየቱ ሊያሳስበን ይገባል። ድልድይ በበጎ አድራጊ ዕድል የሚጠገን ከሆነ፣ በጎ አድራጊ ያላየው ወንዝስ ምን ይሁን?

በወረቀት ላይ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የባቡር ትራንስፖርትንና ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በአንቀጽ 41 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ የማኅበራዊ አገልግሎት በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይናገራል። የቀረው መንገድ የክልልና የወረዳ ነው። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው ቢሉ፣ መንገዱ ባለቤት ሲኖረው ጉዞው ባለቤት አጥቷል። መንገድ የሚሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ታሪፍና ስምሪት የሚያወጣው ሌላ ነው፤ ጎርፍ ሲቆርጠው የሚጠየቀው ደግሞ ወረዳው ነው። ተሳፋሪው ሲጮህ ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ያመለክታል።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ያለመ ነበር። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ሕዝቡም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በስማዳና በሁለቱ ጋይንቶች በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፈው ገበሬ እርከን ሲሠራ፣ የገጠር መንገድ ሲጠርግ ኖሯል። ነገር ግን ቦይና ቱቦ በቅጡ ያልተበጀለት የተራራ መንገድ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ጠጠሩ ይታጠባል፣ ድንጋዩ ያገጣል። ሾፌሩ ጎማውንና ባሌስትራውን አስልቶ ወደ አስፋልቱ መስመር ይዞራል። ባለንብረቱን መውቀስ አይቻልም፤ ትርፍ ወዳለበት መሄዱ ያለ ነው። የቀረው ሰው በገበያ ቀን በጭነት አይሱዙ ላይ ከጆንያ ጋር ተደራርቦ፣ ረዳቱ የጠራውን ዋጋ ከፍሎ ይሄዳል። በሌላው ቀንማ እግሩ አለለት!

አንዳንድ ሰዎች «መንግሥት አውቶቡስ ልንዳ ሲል ይከስራል፣ ለነጋዴው ይተውለት» ሲሉ ይደመጣሉ። እኛም መንግሥት በየወረዳው አውቶቡስ ገዝቶ ሾፌር ይቅጠር አላልንም። ግን እስቲ ወደ አዲስ አበባ እንይ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አብዛኛው ገንዘቡ የቻይና ብድር ነው። የባቡሩም ሆነ የከተማው አውቶቡስ ዋጋ በመንግሥት ድጎማ ነው ዝቅ ብሎ የቆየው። ለከተማው ወዛደር ይህ መደረጉን አንቃወምም፣ ይገባዋል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ዕዳውን የስማዳ ገበሬም ይከፍላል፤ ለእርሱ ጉዞስ ማን አንድ ብር ጨመረለት? ለከተማ ሲሆን ኪሣራው «አገልግሎት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ለገጠር ሲሆን ደግሞ «አያዋጣም» ይባላል። ሚዛኑ ሁለት መሆን የለበትም።

ስለ ባቡር ከተነሣ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው የአገር አቀፍ የባቡር ዕቅድ ከወረታ ወደ ወልዲያ የሚሄድ መስመርም ተካትቶ ነበር። የጋይንት ሰው ሐዲዱን እስካሁን አላየውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሏል ይህ ነው። ዕቅድ መኖሩ ባይከፋም ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ ሕዝቡ በምን ይሂድ የሚለው መልስ ይፈልጋል።

ተራራማ አገር ለመጓጓዣ አይመችም የሚለው ምክንያትም አያስኬድም። ስዊዘርላንድ ተራራ በተራራ ናት። የፖስታ መሥሪያ ቤቷ ሞተር ከመምጣቱ በፊት በፈረስ ሠረገላ፣ በኋላም በቢጫ አውቶቡስ ደብዳቤና ሰው በየሸለቆው ሲያመላልስ ኖሯል። ከቲኬት የማይሸፈነውን ወጪ መንግሥት ያሟላል። «እሷ ሀብታም ናት» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሥራው ሲጀመር ግን ሠረገላ ነበር። እኛም ባለን ቅጥቅጥ መጀመር እንችላለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ወዳለባቸው ቀበሌዎች ገበያ በሌለበት ቀንም መኪና በስምሪት ይመደብ፤ ሰዓቱና ታሪፉ በየመናኸሪያው በግልጽ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ በአስፋልቱ መስመር የሚያተርፍ ባለንብረት በተራ የገጠሩንም መስመር ይሸፍን፤ በዚያ የማይሞላ ከሆነ ልዩነቱ በጨረታ ተወዳድሮ ከበጀት ይከፈል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ድጎማ ተሰጥቶ ነበር። ገንዘብ የሚሰጥ መንግሥት የት መስመር እንደሚሠራበትም መጠየቅ ይችላል። ሦስተኛ፣ ለአዲስ መንገድ ከሚያዘው ገንዘብ በፊት ላለው መንገድ ጥገና ይያዝ፤ ቦዩም ክረምት ሳይገባ ይጠረግ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ መዘጋቱን አንዘነጋም። ሰላም ከሌለ ስምሪትም የለም። ሆኖም መኪና ከገጠሩ መስመር የጠፋው ከግጭቱም በፊት ነበር፤ ስለዚህ ሰላም ሲወርድ ራሱ ይስተካከላል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

የእኛም ድርሻ አለ። ከመካከላችን ወደነዚህ ወረዳዎች የሚመደብ ሁሉ አንድ ደብተር ይያዝ። መኪና የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የተጠየቀውን ዋጋ፣ መንገዱ የተቆረጠበትን ቦታ ይመዝግብ። «መኪና የለም» የሚል እሮሮ በስብሰባ ላይ ተሰምቶ ይረሳል። የአንድ ዓመት መዝገብ ይዞ ወረዳ ምክር ቤት የገባ መምህርን ግን በቀላሉ መሸኘት አይቻልም።