ምዝገባው ከቀረ በኋላ የሊባኖስን ሠራዊት የሚሞላው ማን ነው?

ከቤይሩት ወደ ሰሜን በሚዘልቀው የባሕር ዳርቻ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጃል ኤል ዲብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ሕዝባዊው ተቃውሞ በተቀጣጠለ ጊዜ መንገድ ከተዘጋባቸው ሥፍራዎች አንዷ ነበረች። ሠራዊቱ መንገዱን ለማስከፈት በደረሰ ጊዜ ፊት ለፊት የተያዩት በአብዛኛው የአንድ ትውልድ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ የሥራ ያለህ እያለ አስፋልት ላይ የተቀመጠ፣ ሌላው ውትድርናን መተዳደሪያው ያደረገ። ከ15 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በአንድ የጦር ሰፈር፣ በአንድ ጣራ ሥር ባደሩ ነበር። ያን ጊዜ ሕጉ ለአካለ መጠን የደረሰ ሊባኖሳዊ ወንድ ሁሉ ተመዝግቦ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበርና።

አገልግሎቱ በዐረብኛ «ኺድመት አል-ዐለም»፣ ማለትም የሰንደቅ ዓላማ አገልግሎት ይባል ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1990ዎቹ በሥራ ላይ የዋለው ግዴታ አንድ ዓመት የሚፈጅ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን እስኪጨርስ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ለወላጆቹ አንድ ብቻ የሆነ ወንድ ልጅ ነፃ ነው።

የግዴታው ዓላማ የወታደሩን ቁጥር ማብዛት ብቻ አልነበረም። የሊባኖስ ጦር በጦርነቱ ዘመን በሃይማኖት ወገን መስመር ተሰንጥቆ ነበር። በ1976 መቶ አለቃ አሕመድ አል-ኸጢብ «የሊባኖስ ዐረብ ጦር» በሚል ስም ወታደሮችን ይዞ ተገነጠለ፤ በ1984 ደግሞ በምዕራብ ቤይሩት አብዛኛው አባሉ ሺዓ የሆነው ስድስተኛው ብርጌድ በወገኖቹ ላይ አልተኩስም አለ። ስለዚህ ከጣኢፍ ስምምነት በኋላ ጦሩን እንደገና ያዋቀሩት ጄኔራል ኤሚል ላሁድ ብርጌዶቹን አደባለቁ። ማሮናዊውን ከሺዓው፣ ሱኒውን ከድሩዙ ጋር በአንድ ድንኳን ማሳደር እንደ መንግሥት ፖሊሲ ተያዘ።

ይሁን እንጂ ምዝገባ ቆጠራን ይጠይቃል፤ ሊባኖስ ደግሞ ከ1932 ወዲህ ሕዝቧን ቆጥራ አታውቅም። ከዚያ ይልቅ የምትመራው «ኑፉስ» በሚባለው የቤተሰብ መዝገብ ነው። መዝገቡ ሰውን የሚያውቀው በሚኖርበት ሰፈር ሳይሆን በአያት ቅድመ አያቱ መንደር ነው። ጃል ኤል ዲብ ተወልዶ ያደገ ወጣት ስሙ በደቡብ ወይም በበቃዕ ሸለቆ በሚገኝ፣ ለበዓል ካልሆነ በማይረግጠው መንደር ሊገኝ ይችላል። በ1925 የወጣው የዜግነት ሕግ እናት ዜግነቷን ለልጇ እንዳታወርስ ስለሚከለክል፣ ከሊባኖሳዊት እናትና ከውጭ አገር አባት የተወለደ ልጅ መዝገቡ ውስጥ የለም፤ የሰንደቅ ዓላማው ጥሪም አይመለከተውም ነበር። በሊባኖስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እኅቶቻችን በመዝገብ መኖርና አለመኖር ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታልና እዚህ ላይ ማብራሪያ አያሻንም።

እኛም ይህን ታሪክ በራሳችን ቤት አይተነዋል። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲያወጣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወጣቶች የስድስት ወር ሥልጠናና የሁለት ዓመት አገልግሎት እንዲሰጡ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በወረቀት ላይ ሁሉንም እኩል ያያል። በተግባር ግን ኮታ የተጫነባቸው ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት ሸክሙን ወገን በሌለው ላይ ጣሉት፤ አፈሳ የሚለው ቃል በየእናቱ ቤት ዛሬም የሚያስደነግጠው ስለዚህ ነው። የሊባኖስ ግዴታ እንዲህ ያለ ጭካኔ አልነበረበትም። ቢሆንም መስኮቱ ለባለጉዳይ ሰፊ፣ ለድኻ ጠባብ መሆኑ በሁለቱም አገር አንድ ነው።

የሊባኖስ ፓርላማ በ2005 መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱን ወደ ስድስት ወር አሳጠረ፤ በየካቲት 2007 ጨርሶ ቀረ። ከሦስት ወር በኋላ በትሪፖሊ አቅራቢያ በሚገኘው የነህር አል-ባሪድ የፍልስጥኤማውያን መጠለያ ከፈትሕ አል-ኢስላም ታጣቂዎች ጋር ውጊያ ተከፈተ። ሠራዊቱ ከ160 በላይ ወታደሮች አጣ። አስከሬን ከተሸኘባቸው መንደሮች ብዙዎቹ በሰሜን ጫፍ በምትገኘው በዐካር ነበሩ። ዐካር በአመዛኙ ሱኒ ሙስሊሞች የሚኖሩባት፣ ከአገሪቱ ድኻ አካባቢዎች አንዷ ስትሆን ሊባኖሳውያን «የሠራዊቱ ጎተራ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ ምስጋና ይመስላል፤ በእኛ እይታ ግን የድህነት ምስክር ወረቀት ነው። ግዴታው ሲቀር ሸክሙ አልቀረም፤ የጃል ኤል ዲብ ልጅ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ካናዳ ሲያቀና፣ ሌላ ደመወዝ የማያገኘው የዐካር ልጅ ጠመንጃውን አነሣ።

ያም ደመወዝ ከ2019 ወዲህ ቀለጠ። በዶላር 1,507 የነበረው ሊራ ወደ 90,000 ገደማ ሲወርድ፣ ቀድሞ 800 ዶላር ያህል ያገኝ የነበረ ወታደር መቶ እንኳ አልሞላለትም። በ2020 ክረምት ሠራዊቱ ከወታደሮቹ ገበታ ላይ ሥጋ አነሣ። በቀጣዩ ዓመት የጦር ሄሊኮፕተር ለጎብኚዎች በ150 ዶላር ማከራየት ጀመረ። በ2022 ቀጠር ለደመወዝ ድጎማ 60 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች፤ በ2023 ደግሞ አሜሪካ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል ለእያንዳንዱ ወታደር በወር 100 ዶላር ለስድስት ወር ከፈለች። የአንድ አገር ወታደር ቀለቡን ከሌላ አገር ሲቀበል ትእዛዙስ ከየት ይመጣል የሚለው ጥርጣሬ የሚነሣው እንዲህ ካለው ጊዜ ነው።

የጎረቤት አገር የሶርያ ወጣቶች ታሪክ ደግሞ የምዝገባን ሌላ ገጽታ ያሳያል። በአሳድ ዘመን ወደ ሊባኖስ ከተሰደዱት መካከል ብዙዎቹ የሸሹት ጦርነቱን ብቻ ሳይሆን ስማቸው የሰፈረበትን የምልመላ ዝርዝር ጭምር ነበር፤ ውጭ የኖረ ሰው ነፃ ለመውጣት እስከ 10,000 ዶላር እንዲከፍል ይጠየቅ ነበር። በታኅሣሥ 2024 አገዛዙ ሲወድቅ አዲሶቹ መሪዎች ግዴታውን አስቀሩ።

አሁን ደግሞ የሊባኖስ ሠራዊት ከምንጊዜውም ይልቅ ሰው የሚሻበት ወቅት ነው። በኅዳር 2024 ከእስራኤል ጋር የተደረሰው የተኩስ አቁም ስምምነት ወታደሮቹ በደቡብ እንዲሰፍሩ ይጠይቃል፤ የጸጥታው ምክር ቤት በነሐሴ 2025 ባሳለፈው ውሳኔ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ኃይል ተልእኮ በ2026 መጨረሻ ያበቃል። ከጥር 2025 ጀምሮ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆሴፍ ዐውን የቀድሞ የጦሩ አዛዥ በመሆናቸው ችግሩን ከውስጥ ያውቁታል። የሚሹትን ሰው በግዴታ ለመሰብሰብ ቢያስቡ እንኳ በእጃቸው ያለው መዝገብ ያው የ1932ቱን ቆጠራ መሠረት ያደረገው ነው፤ በፈቃድ ለመሰብሰብ ቢመርጡ ደግሞ ቀድመው የሚሰለፉት የዐካርና የበዓልበክ-ሂርሚል ልጆች ናቸው።