«ማገጃውን አጥፉት» መልስ አይደለም



በብዙ ቤቶች ልጆች በወላጆቻቸው ኮምፒውተር ላይ የማስታወቂያ ማገጃ ይጭናሉ። መልካም ያደርጋሉ። ዕብራይስጥ ገና ላልለመደ ሰው እውነተኛውን ቁልፍ ከአታላይ ማስታወቂያ መለየት ቀላል አይደለም። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ እንኳ በዲሴምበር 2022 ወንጀለኞች የታወቁ ድርጅቶችን መስለው በፍለጋ ገጾች ላይ ማስታወቂያ እንደሚያወጡ አስጠንቅቆ፣ ሕዝቡ ማገጃ እንዲጠቀም መክሯል።

ይሁን እንጂ ማገጃው የሚሠራው በማስተዋል ሳይሆን በዝርዝር ነው። በ2005 የተጀመረውና በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው «ኢዚሊስት» በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደንቦች አሉት። ማገጃው በገጹ ውስጥ ያሉትን አድራሻዎችና ስሞች ከደንቦቹ ጋር እያመሳከረ፣ የተመሳሰለውን ያስቀራል። ስለዚህ የፋይሉ ስም ማስታወቂያ የሚመስል የስብሰባ ጥሪ ከገጹ ሊጠፋ ይችላል። ቅጹ ከጎብኚ መከታተያ ፕሮግራም ጋር ተቆራኝቶ ከተሠራም፣ ፕሮግራሙ ሲታገድ «ሽላህ» የሚለው ቁልፍ አብሮ ሊደነዝዝ ይችላል።

ችግሩ ገጹ ይህን አለመናገሩ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የቅጽ ዝምታ ግን ዕዳ ነው። አባት ልኬያለሁ ብለው ይቀመጣሉ፤ ቀኑ ያልፋል፤ የኪራይ እርዳታው ይቀራል። አቤት ሲሉ «አልደረሰንም፤ ማገጃውን አጥፉት» ይባላሉ። መብታቸው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀራል።

ይህ መልስ በሁለት ወገን ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ይበልጥ ለመታለል የተጋለጠውን ሰው ጋሻህን ጣል ይለዋል። ሁለተኛ፣ የሠሪውን ጉድለት በተገልጋዩ ላይ ይጭናል። «ጥፋቱ የዝርዝሩ አዘጋጆች ነው» የሚሉ አሉ። አዎን፣ እነርሱም ይሳሳታሉ፤ ሲነገራቸውም ያርማሉ። ቀነ ገደቡን የወሰነው፣ ቅጹንም ያሠራው ግን መሥሪያ ቤቱ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። የሕዝብ ቅጽ ያለ መከታተያ ፕሮግራም ይሥራ። አንድ ክፍል ካልተከፈተ ገጹ በግልጽ ይናገር። ቅጹ ሲደርስ የመቀበያ ቁጥር ይስጥ። በገጹ ብልሽት ቀኑ ያለፈበት ሰውም ጉዳዩን በመስኮት ቀርቦ የሚያስረዳው ጸሐፊ ይኑር።

እስከዚያው እኛም እንጠንቀቅ። ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት አድራሻውን አጣሩ። ትክክለኛ መሆኑን ካረጋገጣችሁና ገጹ ካልሠራ፣ ከላይ ያለውን የማገጃውን ምልክት ተጭናችሁ ለዚያ ድረ ገጽ ብቻ አቁሙት፤ ገጹንም እንደገና ክፈቱ። ይህን ሳትሞሉ በፊት አድርጉት፤ አለዚያ የጻፋችሁት ሊጠፋ ይችላል። ስትጨርሱ ማገጃውን መልሱት።

ከሁሉም በላይ፣ መድረሱን የሚያረጋግጥ ቁጥር ሳታዩ «ልኬአለሁ» አትበሉ። ቁጥር ካልመጣ፣ ቀኑ ሳያልፍ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የተቀበላችሁበትንም ማኅተም ጠይቁ።