ጆሮ አለው፣ አማርኛ ግን አይሰማም

ባለፈው ክረምት በድምፅ የሚታዘዝ አንድ ድምፅ ማጉያ እጃችን ገባና ሳሎናችን ውስጥ ተከልነው። ከመብራት መስመሩ በቀር ገመድ የሌለው፣ ከጣሳ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ባለቤቱ በአፉ ያዘዘውን ይፈጽማል፤ ሙዚቃ ያሰማል፣ የአየር ሁኔታ ይናገራል፣ በተባለው ሰዓት ይቀሰቅሳል። አተካከሉ አስቸጋሪ አይደለም። ስልክ ላይ በሚጫን አፕሊኬሽን አማካይነት የቤቱ ገመድ አልባ ኢንተርኔት ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ ስልኩና ድምፅ ማጉያው በአንድ መረብ ላይ መሆናቸው ሲረጋገጥ ቋንቋ ምረጡ ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ አማርኛን ፈለግን፤ የለም። እንግሊዝኛ መርጠን ቀጠልን።

ስለዚያ ዝርዝር ከመናገራችን በፊት ግን ለዕቃው ጆሮ የሚገባውን ክብር እንስጥ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2014 ኤኮ የተባለውን ድምፅ ማጉያ ሲያወጣ ሰባት ማይክሮፎኖች ነበሩበት። አንድ ለምን አልበቃም? ተናጋሪው ከአንድ ሜትር ወደ አራት ሜትር ሲርቅ በቀጥታ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል፤ ከግድግዳና ከጣሪያ እየነጠረ የሚመጣው ግን የዚያን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ ከሩቅ የተነገረ ቃል በራሱ ነጸብራቅ ይዋጣል። ማይክሮፎኖቹ ሲበዙ መፍትሔ ይገኛል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በ7 ሴንቲሜትር የሚራራቁ ሁለት ማይክሮፎኖች አንዱን ድምፅ የሚሰሙበት ጊዜ ቢበዛ በ0.2 ሚሊሰከንድ ይለያያል። ዕቃው ይህችን ልዩነት ለክቶ የድምፁን አቅጣጫ ያውቃል፤ የየማይክሮፎኑን ምልክት በተገቢው መጠን አዘግይቶ ሲደምርም ከተናጋሪው በኩል የመጣው ይጎላል፣ ከሌላው ወገን የመጣው ይደበዝዛል። (አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ግፊቱ አነስተኛ ነውና ድምፅ በዝግታ ይጓዛል የሚሉ ተማሪዎች በየዓመቱ ያጋጥሙናል። ግፊቱ ሲቀንስ የአየሩ እፍጋትም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው።) ዕቃው ራሱ የሚያጫውተውን ሙዚቃ እንኳ ስለሚያውቀው፣ ከሰማው ላይ ቀንሶ የእኛን ድምፅ ያስቀራል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቋንቋ የሚባል ነገር የለም። የአማርኛ ሞገድ ከእንግሊዝኛ ሞገድ የሚዘገይበት ምክንያት የለም። ጆሮው የሁላችንም ነው።

በዚያው ሰሞን እናታችን ከክፍለ ሀገር መጥተው ከእኛ ጋር ሰነበቱ። ዓይናቸው ስለደከመ የስልክ ጽሑፍ አያነቡም። ዕቃው ሲናገር ሰምተው፣ «አንተ ልጅ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉት። አልገባኝም ብሎ በእንግሊዝኛ መለሰ። በሳምንቱ ግን እናታችን ስሙን መጥራትና በእንግሊዝኛ ሰዓት መጠየቅ ለመዱ፤ «ስቶፕ» ማለትንም ጨመሩበት። ጠዋት ሲጠይቁት «ናይን» ይላቸዋል፤ ያ ቁጥር ለእርሳቸው ሦስት ሰዓት መሆኑን የሚነግራቸው ልጅ አጠገባቸው መኖር ነበረበት። እኛን ያሳዘነን ይህ ነው። ማንበብና መጻፍ ለማይችል፣ ዓይኑ ለደከመ ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ዕቃ፣ በአገራችን የሚያገለግለው የውጭ ቋንቋ የተማረውን ብቻ ሆነ። ሰውም ማሽኑን እንደማስተማር ራሱ የማሽኑን ቋንቋ መማር ጀመረ።

ጉድለቱ ያለው በትምህርቱ ላይ ነው። ዛሬ ማሽን ቋንቋ የሚለምደው የተቀዳ ንግግርን ከነጽሑፉ በብዛት በመመገብ ነው። ለእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2015 ሊብሪስፒች በሚል ስም ለማንኛውም ተመራማሪ በነጻ የቀረበው ስብስብ 1,000 ሰዓት ያህል ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2005፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር ይፋ ያደረገው የአማርኛ የማስተማሪያ ስብስብ 100 ሰዎች ያነበቡት 20 ሰዓት ነበር። ለብዙ ዓመታት በአማርኛ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች የተደገፉት በዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተከፍቷል፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 በስልክ ላይ አማርኛን በድምፅ መጻፍ አስችሏል። ሆኖም የእኛን ንግግር የመሰብሰቡን ሥራ ለሌላ ትተን ዝርዝሩ ውስጥ ለምን የለንም ማለት አይቻልም።

ሥራው ደግሞ የእኛን ዕውቀት ይጠይቃል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ነገር ነው። ማሽኑ ይህን ከጽሑፉ ሳይሆን ከድምፁ መማር አለበት። የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የጎንደሩ፣ የሸዋው አነጋገር ያስፈልጋል፤ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገረውም ሰው ድምፅ እንዲሁ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ መናገሪያ የሚያሳጣ ጩኸት መሆኑንስ፣ ጸጥ ባለ ስቱዲዮ ከተቀዳ ንግግር ማን ይማረዋል?

መብራት በሚቋረጥበት አገር ይህ ቅንጦት ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉን። ስለ ድምፅ ማጉያው እውነታቸውን ነው፤ ማንም እንዲገዛው አንመክርም። የንግግር ማወቂያው ግን በሳሎን ዕቃ ላይ ብቻ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ገበሬው የስልኩን ቁጥሮች እየተጫነ የእርሻ ምክር የሚሰማበት ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ደውለውበታል። ጥያቄውን በአፉ ቢናገርና ቢረዱት ምን ያህል ይቀለው እንደነበር አስቡ።

ወጪውም ተሰልቶ ይታይ። ለዚህ ሥራ ድምፅን በሰከንድ 16,000 ጊዜ፣ በእያንዳንዱም 2 ባይት መመዝገብ ይበቃል። አንድ ሰዓት 115 ሜጋባይት፣ 100 ሰዓት 11.5 ጊጋባይት ይሆናል፤ በኪስ በሚያዝ ፍላሽ ዲስክ ላይ ያርፋል። መቅጃውን ተማሪዎች ሁሉ በስልካቸው ይዘውታል። አድካሚው የተቀዳውን ቃል በቃል መጻፍ ነው፤ ለዚህ የቋንቋ ክፍል ተማሪዎች ከፊዚክስና ከኮምፒዩተር ተማሪዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። ድምፅ ሰውን እንደ ፊቱ የሚያስለይ ስለሆነ፣ ተናጋሪው ድምፁ ለምን እንደሚውልና ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ተነግሮት ፈቃዱን መስጠት አለበት። ድምፅ ማጉያው የሰማውን ወደ ሩቅ አገር ሰርቨር ሲልክ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ አልነገረንም፤ እኛ ከእርሱ መሻል ይጠበቅብናል።

እናታችን ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ፈቅደውልን ሁለት ሰዓት ያህል ቀዳናቸው። ስለ ጤፍ አጨዳ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ዋጋ መወደድ አወሩ። አርባ ደቂቃ በሚሆነው ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሰማል፤ አልቆረጥነውም።