የጠመንጃ ጽዳት ለነገ የማይባል ሥራ ነው

ጠመንጃ በወታደር እጅ የተሰጠ አደራ ነው። አደራነቱም ለሚሸከመው ሰው ብቻ ሳይሆን በእርሱ ጠባቂነት ተማምኖ በሰላም ለሚያድረው ሕዝብ ሁሉ ነው። ስለዚህ መሣሪያን በክብር መሸከም ብቻ አይበቃም፤ ንጹሕ አድርጎ መያዝም የወታደርነት ግዴታ ነው። ነገር ግን ይህን ግዴታ የሚያላላ አንድ አሳሳች ወሬ በብዙ አገር ሲነገር ይሰማል። ይኸውም በጋዝና በፒስተን የሚሠራ ጠመንጃ፥ ይልቁንም ክላሽንኮቭ፥ ጭቃም ቢነካው አቧራም ቢለብሰው መተኰሱን አይተውምና መጽዳት አያስፈልገውም የሚል ነው።

ይህ ወሬ የሚያሳስተው ግማሹ እውነት ስለ ሆነ ነው። በእንዲህ ያለው ጠመንጃ ጥይት በተተኰሰ ጊዜ አረሩን ከሚገፋው የባሩድ ጋዝ ጥቂቱ በበርሜሉ ላይ በተበሳች ቀዳዳ ይወጣና ፒስተን የሚባለውን ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፒስተኑም መዝጊያውን ይዞ ሲሄድ ባዶውን ቀለህ ያወጣል፤ ሞላው ሲመልሰውም አዲስ ጥይት ያጐርሳል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ዓመት የሶቪየት ኅብረት ጦር የተቀበለው ክላሽንኮቭ ተንቀሳቃሽ ብረቶቹ ላላ ብለው እንዲሠሩ ስለ ተደረገ ጥቂት ቆሻሻ ቶሎ አያቆመውም። ሆኖም ይኸው መሣሪያ ከበርሜሉ በታች መወልወያ ዘንግ ተሰክቶለታል፤ በእንጨት ሰደፉም ውስጥ የጽዳት ዕቃ የሚቀመጥበት ሥፍራ ተበጅቶለታል። ጽዳት የማያስፈልገው ቢሆን ኖሮ ሠሪው ይህን ሁሉ ስለ ምን በደከመ ነበር?

ከዚህም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በብዙ የቀድሞ ወታደራዊ ጥይት መለኰሻ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሲቃጠል ጨው ትቶ ይቀራል። ይህ ጨው ከአየር እርጥበት ይስብና ብረትን ያዝጋል። በፒስተን በሚሠራ ጠመንጃም ጋዙ የሚያልፈው በበርሜሉ ብቻ አይደለም፤ ወደ ፒስተኑና ወደ ጋዝ ቧንቧው ጭምር ይገባል። ስለዚህ በርሜሉን ብቻ ወልውሎ ሥራውን የጨረሰ የሚመስለው ሰው ዝገቱን በውስጥ ደብቆት ይሄዳል። ዘይትም ጨውን አያሟሟውም። ጨውን የሚያስለቅቀው ውሃ፥ ይልቁንም ትኩስ ውሃ ነው፤ ዘይት የሚቀባው ብረቱ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው።

የጽዳቱም ሥርዓት አስቸጋሪ አይደለም። አስቀድሞ አፈ ሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፥ ካዝናውን አውጥቶ፥ በበርሜሉ ውስጥ ጥይት አለመቅረቱን በዓይን ማረጋገጥ ነው። ከዚያም መሣሪያውን ፈትቶ በርሜሉን፥ የጋዝ ቧንቧውን፥ የፒስተኑን ራስና መዝጊያውን ከጥላሸት ማጥራት ይገባል። ዘይትም ቢሆን በልክ ነው። በፒስተኑ ራስና በጋዝ ቧንቧው ውስጥ የበዛ ዘይት በጋዙ ትኩሳት ተቃጥሎ ራሱ ጥላሸት ይሆናል። በብርድ አገርም ወፍራም ዘይት ይረጋል። ከ1951 ዓመት ጀምሮ በኰሬያ የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የያዙት ኤም 1 ጋራንድ የተባለው ጠመንጃ እንደዚሁ በጋዝ የሚሠራ ነበረ፤ የኰሬያም ክረምት ዘይትን አብዝቶ ለሚቀባ ወታደር የሚራራ አልነበረም።

ቸልተኝነት ምን እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ ምስክር በቬትናም ጦርነት ተገኝቷል። ኤም 16 የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ጋዙን ያለ ፒስተን ዘንግ በቀጥታ ወደ መዝጊያው የሚያደርስ ነው። ይህ ጠመንጃ ብዙ ጽዳት አይፈልግም ተብሎ በቂ የጽዳት ዕቃና ትምህርት ሳይሰጥ ለብዙ ወታደሮች ታደለ። የባሩዱም ዓይነት ተለውጦ ነበር፤ ጥይቱ የሚያርፍበትም ሥፍራ ዝገትን የሚከላከል ክሮም አልተለበጠም ነበር። በዚህም ምክንያት ቀለሁ ከበርሜሉ አልወጣ እያለ ጠመንጃው በውጊያ መካከል ዝም አለ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። በ1967 ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ነገሩን መረመሩ። ኋላም ክሮሙ ተለበጠ፥ የጽዳት ዕቃው ታደለ፥ የአያያዙም ትምህርት በሥዕል ተደርጎ ለወታደሩ ተሰጠ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንደዚህ ላለው ነገር ነበር፤ የሞቱት ግን በመድኃኒቱ አልተነሡም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለወታደሩ ብቻ አይደለም። ወታደሩ ጠመንጃውን ባያጸዳ ይወቀሳል፤ መወልወያና ጨርቅ፥ ዘይትና ጊዜ ሳይሰጠው የቀረ እንደ ሆነ ግን ወቀሳው ወደ አለቃው ይዞራል። መሣሪያ የሚያድል ሰው የመጠበቂያውን ዕውቀትና ዕቃ አብሮ ማደል ይገባዋል። ቆሻሻን የሚታገሥ መሣሪያ ከመልካም ሠሪ የተገኘ ጥቅም ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ እንጂ በሰላም ቀን በስንፍና የሚበላ አይደለም። ጠመንጃውን በሰላም ጊዜ ያጸዳ ወታደር፥ በጭንቅ ጊዜ ጓደኛውንና ራሱን ያድናል።